ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደረገ፤ ደብዳቤዎቹስ?



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነበት በኋላ የኢሜል ደብዳቤዎችን ከባክአፕ እንዴት መመለስ እንደሚቻል ያስረዳል። ርዕሱን ያመጣነው ከማስተማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ በራሳችን ጽሕፈት ቤት ደርሶብን፣ ሁለት ምሽትና አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብን የተማርነው ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። የላፕቶፓችሁን ዊንዶውስ ልታስቀይሩ ያሰባችሁ ግን ከማስቀየራችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ሊያበቃ ሲል የጽሕፈት ቤታችን ኮምፒውተር አልነሳ አለ። ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ያሳይና ራሱን መልሶ ያጠፋል። አንድ ታታሪ ወንድማችን፣ አላህ ይቀበለውና፣ ማንንም ሳያስቸግር ተሸክሞ ጥገና ቤት ወሰደው። በማግስቱ ይዞት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ፈጣን ሆኗል። "ምን አደረጉት?" አልነው። "ፎርማት አደረጉት። የሚፈለግ ነገር አለ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፣ ሁሉም ዲ ላይ ነው አልኳቸው" አለ። እውነትም ፖስተሩ፣ የፕሮግራም ፎቶው፣ ሃንድአውቱ ሁሉ ዲ ላይ በቦታው ነበር። ደስ ብሎን ሻይ አስመጣን። ከዚያ ፀሐፊያችን ኢሜሉን ሊከፍት ተቀመጠ።

ማኅበራችን ለደብዳቤ የሚጠቀመው ተንደርበርድ በሚባለው ነፃ የኢሜል ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ከፎርማቱ ጋር ጠፍቷል፤ ፀሐፊው አውርዶ ጫነው፣ አድራሻውንና ፓስወርዱን ሰጠው፣ ገባ። የመጡት ደብዳቤዎች አርባ አይሞሉም። የሁሉም ቀን ከጥር አጋማሽ ወዲህ ነው። የስድስት ዓመት ደብዳቤ የነበረበት ሣጥን ነበር።

በዚያ ሣጥን ውስጥ የአዳራሽ ፈቃድ ጥያቄና መልስ፣ የቀድሞ ተመራቂዎች አድራሻ፣ ከተለያዩ ክፍሎች ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ተማሪዎች በምስጢር የጻፏቸው ደብዳቤዎች ናቸው፤ የትራንስፖርት ያጣ፣ አባቱ የታመመበት፣ መድኃኒት መግዛት ያቃታት። ሌላም አስቸኳይ ጉዳይ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቀች አንዲት እህት በማስጠናት ፕሮግራማችን ማገልገሏን የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ ተጽፎላት ነበር። የእሷ ቅጂ ከተሰረቀ ስልኳ ጋር ሄዷል፤ የፈረሙላት መምህር አሁን ውጭ አገር ናቸው። ለማስተርስ የትምህርት ዕድል የምታመለክትበት ጊዜ ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው "እናንተ ጋ ይኖራል አይደል?" ብላ ደውላ፣ እኛም ሳናስብ "አዎ አለ" ብለናት ነበር።

ደብዳቤው የት ነው የሚኖረው?

መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብን ይህንን ነው፤ የጠየቅነው ግን መጨረሻ ላይ ነበር። ኢሜል በኮምፒውተር ፕሮግራም ሲከፈት ከሁለት መንገዶች በአንዱ ይሠራል። አንዱ ፖፕ ይባላል፣ ሌላው አይማፕ። ፖፕ ማለት ፖስታ ቤት ሄዶ ከሣጥኑ ደብዳቤውን አውጥቶ ቤት እንደመውሰድ ነው። ቤቱ ከተቃጠለ ደብዳቤውም ተቃጠለ፤ ፖስታ ቤት ብትሄዱ ሣጥኑ ባዶ ነው። አይማፕ ደግሞ ደብዳቤው እዚያው ፖስታ ቤት ተቀምጦ እናንተ ጋ የሚመጣው ቅጂው ብቻ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂሜል እንደ ሁለተኛው ዓይነት ነው ብላችሁ ማሰብ ትችላላችሁ፤ ስልኩ ቢጠፋ በሌላ ስልክ ስትገቡ ሁሉንም ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ ፎርማት ከተደረገ ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት በሌላ ስልክ ወይም ላፕቶፕ፣ በብራውዘር፣ የኢሜል አድራሻችሁን ክፈቱ። የድሮዎቹ ደብዳቤዎች እዚያ ካሉ አልሐምዱሊላህ፣ ፕሮግራሙን ጭናችሁ አካውንቱን እንደገና ማስገባት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚጎድላችሁ ምናልባት የአድራሻ መዝገቡና ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ያስቀመጣችኋቸው ፎልደሮች ናቸው።

የእኛ አካውንት ከዓመታት በፊት በፖፕ የተከፈተ ነበር። ተንደርበርድ በፖፕ ሲሠራ ደብዳቤውን ካወረደ በኋላ ሰርቨሩ ላይ ለ14 ቀን ብቻ እንዲቆይ የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ እኛ ጋ ያ ምርጫ በርቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ደብዳቤ ያወረደው ጥር መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሰርቨሩ ላይ የተረፉት ከጥር አጋማሽ ወዲህ ያሉት ብቻ ሆኑ። አርባ ያልሞሉት ደብዳቤዎች ምክንያታቸው ይህ ነው። የቀረው ሁሉ የነበረው ሲ ላይ ነው፤ ሲ ደግሞ ተጠርጓል።

ብዙዎቻችን "ዋናው ነገር ዲ ላይ ነው" ስንል የምንረሳው ይህንን ነው። ዲ ላይ የሚገኘው እኛ በእጃችን ያስቀመጥነው ነው። ፕሮግራሞች ራሳቸው የሚያስቀምጡት፣ ደብዳቤም ይሁን የብራውዘር ማስታወሻ ወይም የሪፈረንስ መያዣ ዳታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲ ውስጥ በተጠቃሚው ስም ሥር ተደብቆ ይኖራል። ጥገና ቤቱን በዚህ አንወቅስም፤ ጠይቀው ነበርና።

ባክአፕ ፍለጋ

በዚህ ሰዓት ሁለት ነገር መሞከር ይቻላል። አንደኛ፣ ዊንዶውስ ሲጫን ሲ ሳይጠረግ በላዩ ላይ ከተጫነ አሮጌው ሁሉ "ዊንዶውስ ኦልድ" በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሲን ከፍታችሁ እዩ፤ ካለ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡት፣ ዊንዶውስ ቦታ ለማስለቀቅ ሊያጠፋው ስለሚችል አታሳድሩት። ሁለተኛ፣ የጠፋ ፋይል የሚያወጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን ፕሮግራሙን በዚያው በተጠረገው ዲስክ ላይ ከጫናችሁ የምትፈልጉትን በራሳችሁ እጅ ትጽፉበታላችሁ። ኤስኤስዲ በሚባለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት ላይ ደግሞ ዲስኩ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ እየጠረገ ስለሚሄድ ተስፋው በጣም ትንሽ ነው።

እኛ ጋ ዊንዶውስ ኦልድ አልነበረም። የቀድሞው ፀሐፊያችን ጋ ደወልን። ጥቅምት ላይ ሥራውን አስረክቦ ለተግባር ልምምድ ሌላ ከተማ ሄዷል። "ከማስረከቤ በፊት ሁሉንም ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ ገልብጫለሁ፤ ዶርም ሎከሬ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ የክፍል ጓደኛዬ ጋ አለ" አለን። ያን ዕለት ማታ ከዒሻ በኋላ ሀርድ ዲስኩ እጃችን ገባ።

ከፈትነው። ዴስክቶፕ አለ፣ ዶክመንት አለ፣ ዳውንሎድ አለ። ኢሜል የሚመስል ነገር የለም። ከእኛ አንዱ "በቃ፣ ለእህታችን እንደውልላት" ብሎ ስልኩን ሊያነሳ ሲል ሌላው በፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስን ከፈተ። መጠኑ 14 ጊጋባይት ይላል። በዓይን የሚታዩት ፋይሎች ሲደመሩ ግን ከአምስት አይበልጡም። ዘጠኝ ጊጋባይት የት ሄደ?

የተደበቀ ነበር። ዊንዶውስ ውስጥ "አፕዳታ" የሚባለው ፎልደር ሁልጊዜ ይደበቃል። የቀድሞው ፀሐፊ የተጠቃሚውን ፎልደር እንዳለ ስለገለበጠ አፕዳታም ሳይታይ አብሮ ተገልብጧል። ፎልደር በሚታይበት መስኮት ላይ "ቪው" የሚለውን ነክታችሁ "ሂድን አይተምስ" የሚለውን ስታበሩ ፈዘዝ ብሎ ብቅ ይላል። እሱን ከፍተን፣ "ሮሚንግ"፣ ከዚያ "ተንደርበርድ"፣ ከዚያ "ፕሮፋይልስ" ገባን። ውስጡ ትርጉም በሌላቸው ፊደላትና ቁጥሮች የሚጀምር ስም ያለው አንድ ፎልደር ተቀምጧል። ቀኑ ጥቅምት አጋማሽ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ "አላሁ አክበር" አለ፤ የዶርሙ ሰዎች ኳስ የምናይ መስሏቸው ነበር።

የቀድሞው ፀሐፊ ሦስቱን የሚታዩ ፎልደሮች ብቻ መርጦ ገልብጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ በኋላ ጠየቅነው። "አንድ አንድ እያልኩ ከምመርጥ ብዬ ነው" አለ።

ፕሮፋይሉ ውስጥ ምን አለ?

ያ እንግዳ ስም ያለው ፎልደር "ፕሮፋይል" ይባላል። ደብዳቤው፣ አድራሻው፣ ፓስወርዱ፣ የአካውንቱ ማስተካከያ ሁሉ በእሱ ውስጥ ነው። የፋይሎቹ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው፤ እኛ እዚህ እንደሚነበቡት እንጽፋቸዋለን።

"ሜይል" የሚለው ፎልደር በፖፕ የመጡ ደብዳቤዎችና "ሎካል ፎልደርስ" ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የተቀመጡት ያሉበት ነው። "አይማፕ ሜይል" የሚለው ደግሞ የአይማፕ ቅጂዎች ያሉበት ነው። በውስጣቸው እያንዳንዱ የደብዳቤ ፎልደር በተለመደው አሠራር አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ "ኢንቦክስ"፣ "ሴንት" እየተባለ፣ ከስሙ በኋላ ነጥብም ቅጥያም የለውም። በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች እንደ አንድ ረጅም ጥቅልል ተያይዘው የተጻፉበት ነው። ጎኑ ላይ ያለው ተመሳሳይ ስም ኖሮት "ኤምኤስኤፍ" የሚል ቅጥያ ያለው ትንሽ ፋይል ማውጫው ብቻ ነው። እሱ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ አትደንግጡ፣ ፕሮግራሙ እንደገና ይሠራዋል። ትልቁን ፋይል ነው መጠበቅ ያለባችሁ፤ መጠኑ ዜሮ ከሆነ ግን ባክአፕ ብላችሁ የያዛችሁት ባዶ ጥቅልል ነው።

የአድራሻ መዝገቡ "ኤቡክ" በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። የአካውንቶቹ ማስተካከያ "ፕሬፍስ" ውስጥ ነው። ፓስወርዶቹ "ሎጊንስ" በሚለው ውስጥ ተመስጥረው ይቀመጣሉ፣ የምስጢሩ ቁልፍ "ኪ ፎር" በሚለው ውስጥ ነው። ሁለቱ ካልተያያዙ አይሠሩም። ወደዚህ እንመለስበታለን።

መመለሱ

ሥራውን ስንጀምር ወንድሞች ሁሉ ቸኩለው ነበር፤ በሰዓቱ ልክ መሆኑን ያላወቅነው አንድ ሐሳብ ግን አንዱ አቀረበ። "ያለን ቅጂ አንድ ነው። እሱን ከነካነውና ከተበላሸ ሌላ የለም። መጀመሪያ ቅጂውን እንቅዳው።" የሀርድ ዲስኩ ገመድ ላልቶ በየደቂቃው ይቋረጥ ስለነበር ፕሮፋይሉን መጀመሪያ ወደ አንድ ወንድም ላፕቶፕ ገለበጥነው። ከዚያ በፍላሽ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ልንወስደው ስንል ፍላሹ "ፋይሉ ትልቅ ነው" ብሎ እምቢ አለ። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ነው፣ ባዶ ነው፣ ፋይሉ 4.6 ጊጋባይት ብቻ። ብዙ ፍላሾች ፋት 32 በሚባል አሠራር የተዘጋጁ ናቸው፤ በዚህ አሠራር አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ስናደርገው ያለ ችግር ተቀበለ። ይህንን ያነሳነው በብዙ ባክአፖች ላይ ሳይስተዋል የሚያልፍ ስለሆነ ነው፤ ሰው መቶ ፋይል ሲገለብጥ አንዱን "ስኪፕ" ብሎ ያልፈዋል፣ ያ የታለፈው ኢንቦክሱ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ የሠራነውን በቅደም ተከተል እንናገር። ተንደርበርድ አስቀድሞ ተጭኗል። የጫናችሁት ባክአፑ በተወሰደበት ጊዜ ከነበረው ጋር እኩል ወይም ከእሱ የበለጠ አዲስ መሆኑን አረጋግጡ፤ በአዲስ ፕሮግራም የተከፈተን ፕሮፋይል አሮጌው አልከፍትም ይላል። ከፕሮግራሙ ውስጥ "ሄልፕ"፣ ከዚያ "ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን" ስትገቡ "ፕሮፋይል ፎልደር" ከሚለው ጎን "ኦፕን ፎልደር" የሚል አለ። እሱ አዲሱን ባዶ ፕሮፋይል ያሳያችኋል። መስኮቱን እንደተከፈተ ትታችሁ ተንደርበርድን ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ፋይል መገልበጥ፣ ባክአፕ ሲወሰድም ሲመለስም፣ ደብዳቤ ያበላሻል።

እኛ እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመርን። አዲሱ ፕሮፋይል ውስጥ ያ አርባ ያልሞላ ደብዳቤ አለ፤ በላዩ ላይ አሮጌውን ብንገለብጥ ይጠፋል። ስለዚህ ከአዲሱ የ"ኢንቦክስ" ፋይሉን ብቻ፣ ማውጫውን ሳይሆን ትልቁን፣ ወደ ዴስክቶፕ አውጥተን ስሙን "አዲስ" ብለን ቀየርነው። በኋላ አሮጌው ሲመለስ "ሜይል" ውስጥ "ሎካል ፎልደርስ" ውስጥ ብንጥለው ፕሮግራሙ ሲከፈት "አዲስ" የሚባል የደብዳቤ ፎልደር ሆኖ ይታያል። ይህ ቀላል ዘዴ ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ከጠቅላላ ፕሮፋይሉ አንድ ፎልደር ብቻ መመለስ የሚፈልግ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል።

ከዚያ በአዲሱ ፕሮፋይል ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥተን ሌላ ቦታ አስቀመጥን፤ የአሮጌውን ፕሮፋይል ይዘት በሙሉ በቦታው አስገባን። የፎልደሩን ስም አትቀይሩ፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገው በዚያ ስም ነው። የሚገባው ይዘቱ ነው።

አሁን ኢንተርኔቱን አጥፉ። ይህ ለፖፕ ጥንቃቄ ነው፣ ለአይማፕ ግን ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። የአይማፕ ፕሮግራም ሲገናኝ ራሱን ከሰርቨሩ ጋር ያስተካክላል። አንድ ደብዳቤ ከሰርቨሩ ተሰርዞ ባክአፑ ላይ ብቻ ቀርቶ ከሆነ ገና እንደተገናኘ እሱን ከእናንተም ዘንድ ይሰርዘዋል። ለማዳን የመጣችሁለትን ደብዳቤ በዓይናችሁ ፊት ያጠፋዋል ማለት ነው። ኢንተርኔት ሳይኖር ክፈቱ፣ የምትፈልጉትን ወደ "ሎካል ፎልደርስ" ገልብጡ፣ ከዚያ በኋላ ተገናኙ።

ተንደርበርድን ከፈትነው። አካውንቱ በግራ በኩል አለ። የፎልደሮቹ ስም አለ። ኢንቦክሱን ስንነካ ነጭ ባዶ ገጽ። ልባችን ቀጥ አለ። ግን ፋይሉ 4.6 ጊጋባይት መሆኑን በዓይናችን አይተናል፤ ማውጫው ነው የተበላሸው ማለት ነው። በፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ "ፕሮፐርቲስ"፣ ከዚያ "ሪፔር ፎልደር"። ጥቂት ጠበቅን። ደብዳቤዎቹ ከስድስት ዓመት በፊት ካለው ጀምሮ እየተንጠባጠቡ መምጣት ጀመሩ።

የእህታችን የድጋፍ ደብዳቤ "ሴንት" ውስጥ ተገኘ፤ ፊርማና ማኅተሙ የሚነበብ ቅጂ ተያይዞ። ማመልከቻው ሊዘጋ ስድስት ቀን ሲቀረው ላክንላት።

ያሳፈረን ነገር

ኢንተርኔቱን ስናበራ ፕሮግራሙ ፓስወርድ ሳይጠይቅ ገባ። ደስ ብሎን ነበር፣ አንድ ወንድም "ቆይ፣ ፓስወርዱን ማን ነገረው?" እስኪል ድረስ። ከባክአፑ ጋር ነው የመጣው። ሎጊንስና ኪ ፎር የሚባሉት ሁለቱ ፋይሎች አንድ ላይ ካሉ፣ በላያቸውም "ፕራይመሪ ፓስወርድ" የሚባለው ካልተደረገ፣ ያን ሀርድ ዲስክ ያገኘ ማንኛውም ሰው በማኅበሩ ስም መግባት ይችላል። ደብዳቤዎቹን ለማንበብማ ፓስወርድም አያስፈልገውም፤ ጥቅልሉ ማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም የሚከፍተው ነው።

ያ ሀርድ ዲስክ አራት ወር ዶርም ሎከር ውስጥ ነበር። በዚያ ላይ ጓደኞች ለሃንድአውት፣ ለቲላዋና ለፊልም መገልበጫ ሲዋዋሱት እንደነበር ሰማን። አባቱ እንደታመመበት የጻፈልን ተማሪ ደብዳቤ ከፊልሞች ጎን በየዶርሙ ሲዞር ከረመ ማለት ነው። የተደበቀ ፎልደር ውስጥ መሆኑ አዳነው ብለን እናስባለን፤ ይህ ግን የእኛ ጥንቃቄ አይደለም። ሰው ችግሩን በምስጢር ሲጽፍልን አማና ነው የሰጠን፤ ደብዳቤው ሲገለበጥ አማናውም አብሮ ይገለበጣል፣ በቅጂው ቁጥር ልክ።

በዚያው ምሽት የኢሜሉን ፓስወርድ ቀየርን፣ ፕራይመሪ ፓስወርድ አበራን። ፕራይመሪ ፓስወርዱ የሚጠብቀው የተቀመጡትን ፓስወርዶች ብቻ ስለሆነ ለደብዳቤዎቹ ሌላ መፍትሔ ያስፈልጋል። እኛ የመረጥነው ሴቨን ዚፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፕሮፋይሉን በፓስወርድ ጠቅልሎ ማስቀመጥን ነው። ሲጠቀለል የፋይሎቹም ስም እንዲመሰጠር የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። ፓስወርዱ ከጠፋ ግን መክፈቻ የለውም፤ ስለዚህ በወረቀት ጽፈን በታሸገ ፖስታ አሚሩና ሒሳብ ሹሙ ዘንድ አስቀመጥን። የድሮውን ሀርድ ዲስክ ለቀድሞው ፀሐፊ ከመመለሳችን በፊት በእሱ ፈቃድ ያን ፎልደር አጠፋን።

ለእናንተስ?

"እኔ ጂሜል ነው የምጠቀመው፣ ይህ ምን አገባኝ?" የሚል አይጠፋም። ጥቂት ጉዳዮች አሉ። ዲፓርትመንት ወይም ላብራቶሪ ኮምፒውተር ላይ አውትሉክ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ፒኤስቲ የሚባለው ፋይል ራሱን የቻለ ማኅደር ነው፤ ብዙ ጊዜ "ዶክመንት" ውስጥ "አውትሉክ ፋይልስ" በሚለው ሥር ይገኛል፣ ከፎርማት በኋላ ከአውትሉክ "ፋይል"፣ "ኦፕን ኤንድ ኤክስፖርት" ብላችሁ ትከፍቱታላችሁ። ኦኤስቲ የሚባለው ግን የሰርቨሩ ጥላ ብቻ ነው። እሱን ገልብጦ ባክአፕ አለኝ ማለት አይቻልም፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ፒኤስቲ አይከፈትም።

ዘንድሮ ለምትመረቁ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜል የምትጠቀሙ ከሆነ አድራሻው ከምረቃ በኋላ መቼ እንደሚዘጋ አይሲቲ ቢሮ ጠይቁ። የጥናት ፈቃድ፣ የአማካሪያችሁ አስተያየት፣ ዳታ የሰጧችሁ ሰዎች ስምምነት እዚያ ነው ያለው። የጉግል አካውንት ከሆነ "ቴክአውት" በሚባለው አገልግሎት ሁሉንም በአንድ ፋይል ማውረድ ይቻላል፤ በተቋም አካውንት ላይ ግን አስተዳዳሪው ሊዘጋው ስለሚችል መመረቂያ ሳምንት ድረስ አትጠብቁ። ከሚወርደው ዚፕ ውስጥ የሚወጣው የደብዳቤ ፋይል ልክ ከላይ የነገርናችሁ ዓይነት ጥቅልል ነው፤ ቅጥያውን አጥፍታችሁ፣ ስሙንም አሳጥራችሁ ተንደርበርድ "ሎካል ፎልደርስ" ውስጥ ብትጥሉት ይከፈታል።

አዲስ ተንደርበርድ ላላችሁ "ቱልስ" ውስጥ "ኤክስፖርት" የሚል ቀላል መንገድ አለ። ፕሮፋይላችሁ ከ2 ጊጋባይት የሚበልጥ ከሆነ ግን በእሱ አትታመኑ፤ እኛ እንዳደረግነው ፎልደሩን በእጅ ገልብጡ።

እኛ አሁን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ፕሮግራሙን ዘግተን ፕሮፋይሉን ጠቅልለን በሁለት የተለያዩ ዲስኮች እናስቀምጣለን፤ አንዱ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ከግቢ ውጭ። በየሴሚስተሩ አንዴ ደግሞ በሌላ ላፕቶፕ ላይ፣ ኢንተርኔት አጥፍተን፣ እንከፍተዋለን። ከፍተን እስክናየው ድረስ ባክአፕ አለን አንልም። ኢሜሉንም ከፖፕ ወደ አይማፕ ቀይረነዋል፤ ይህ ግን ባክአፕን አይተካም፣ አንድ ሰው ስልኩ ላይ ተሳስቶ ሲሰርዝ ከሁሉም ቦታ ይሰረዛልና።

ያልተመለሰው

ባክአፑ የጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ የተረፈው ከጥር አጋማሽ ወዲህ ነው። በመካከል ሦስት ወር አለ። ከቢሮዎች ጋር የተጻጻፍነውን ብዙውን እነሱን ጠይቀን ቅጂ አግኝተናል። ሰነፍ ሆነን ከመዘገብናቸው የድጋፍ ጥያቄዎችም ጥቂቶቹን በደብተር አገኘናቸው። ከዚያ ውጭ ማን ጽፎልን እንደነበር፣ ምን ብሎ፣ መልስ አግኝቶ እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ የለንም።

ስለዚህ በእነዚያ ሦስት ወራት ለማኅበሩ ኢሜል የጻፋችሁና መልስ ያላገኛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ችላ ያልናችሁ መስሏችሁ ከሆነ ዐፍው በሉን፤ እባካችሁ ዳግመኛ ጻፉልን። ጉዳዩን በዝርዝር መድገም ካልፈለጋችሁ "ጽፌ ነበር" የምትል አንድ መስመር ትበቃናለች፣ እኛ እንፈልጋችኋለን። በአካል መምጣት ለሚሻላችሁ ጽሕፈት ቤቱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ክፍት ነው፤ እህቶች የእህቶች ዘርፍ ተጠሪዋን በእነዚሁ ቀናት ማግኘት ይችላሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።